ከግጭ የተነሳው አርሶ አደር ኑሮ የፓርኩም ጉዳይ ነው

በሰሜን ጎንደር ዞን ከ3 ሺህ 500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በሚገኘው የግጭ መንደር ገብስ ይዘራ፣ በግ ይረባ ነበር። እስከ 2008 ዓ.ም መጨረሻ 418 አባወራና እማወራዎች መንደሩን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተማ ገቡ። በቀጣዩ ዓመት የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከ1989 ዓ.ም ጀምሮ ከተካተተበት፣ በአደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ወጣ።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋልያ በዱር የሚኖረው በእነዚህ ተራሮችና በአካባቢያቸው ብቻ ነው። ቅርሱን ለአደጋ ያጋለጡት የሕዝብ ቁጥር መጨመር፣ የእርሻና የግጦሽ መስፋፋት እንዲሁም በፓርኩ ውስጥ የተሠራው መንገድ ነበሩ። የዋልያና የቀይ ቀበሮ ቁጥርም ተመናምኖ ነበር።

የግጭ ነዋሪዎች መነሳት ለሣሩና ለአውሬው እፎይታ ሰጥቷል። ለተነሺዎቹ ካሳና የከተማ ቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጥቷል። ይሁን እንጂ ቤት መሥሪያ ቦታ ማሳን አይተካም። ዕድሜውን ሙሉ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የኖረ ሰው ከተማ ሲገባ ካሳው ያልቃል፤ እህሉን ከገበያ ይገዛል፤ ልጆቹም ሥራ ይፈልጋሉ። በቱሪስት አስጎብኝነት፣ በምግብ አብሳይነትና በበቅሎ ኪራይ የሚገኘው ገቢ ደግሞ በኮሮና ወረርሽኝና በጸጥታ ችግር ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ታይቷል።

ፓርኩን በሚያዋስኑት ቀበሌዎች የሚኖረው አርሶ አደርም ከዚሁ ጉዳይ ውጭ አይደለም። ማሳው በየትውልዱ እየተከፋፈለ ይጠባል፤ ከብቱ ግጦሽ ፍለጋ ወሰን ያልፋል። የከብት በሽታ ወደ ዋልያ፣ የውሻ እብደት ወደ ቀይ ቀበሮ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ የከብትና የውሻ ክትባት የግብርና ሥራ ብቻ ሳይሆን የፓርክ ጥበቃም ነው።

መፍትሔው በአርሶ አደሩ ደጅ ይጀምራል። የከብቱን ቁጥር ከማብዛት ይልቅ የተሻለ ዝርያ መያዝ፣ መኖ ዘርቶ አጭዶ መመገብ፣ በጎችን አደልቦ መሸጥ ያዋጣል። ለደጋው የሚስማማ የድንች ዘርና የገብስ ዝርያ ማቅረብ ከአንድ ጥማድ የሚገኘውን ምርት ያሳድጋል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ደግሞ አስታውን ከመጥረቢያ ያድናል፤ የእናቶችንም ድካም ይቀንሳል።

ወረዳዎች ዕቅድ ሲያዘጋጁ ከተነሺዎቹ መካከል ስንቱ ቋሚ ገቢ አገኘ፣ የስንቱ ቤተሰብ ወጣት ሥራ ያዘ ብለው ቤት ለቤት ቢቆጥሩ መልካም ነው። መንደሩን የለቀቀው አርሶ አደር ኑሮው ካልተሻሻለ ሌላው ነገ ተነስ ሲባል በምን ተማምኖ ይነሳል? የዋልያው ጠባቂ በቅድሚያ ጎረቤቱ የሆነው አርሶ አደር ነው።