ቮልስዎን ራስዎ ጠግነው መብራቱ ሲያምታታዎ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ከአባትዎ የወረሷት አሮጌ ቮልስ የኋላ መብራቷ አልበራ ብሎ ሰንብቷል። «ለአንድ አምፖል ብዬ ጋራዥ አልሄድም» ብለው ራስዎ ገቡበት። የአምፖሉን መቀመጫ ለወጡ፤ ዝገቱን ጠረጉ፤ የተላጠውን ቆርቆሮ ቀለም ቀቡት። ሲጨርሱ ልጅዎን ከኋላ አቁመው ፍሬን ረገጡ። «ስቶፑ ደብዛዛ ነው! ፍሬቻውም አብሮ ይበራል!» የሚል ድምፅ መጣ። ነገ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ቢሾፍቱ ሊወርድ ቀጠሮ ይዟል።

አይደናገጡ። ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው ቮልስ፣ በተለይ በከተማችን የምናያቸው የድሮዎቹ፣ አሠራራቸው ቀላል ነው። ባትሪ፣ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ማብሪያና አምፖል ናቸው። ከራስ ጥገና በኋላ የሚመጣ ብልሽትም አብዛኛውን ጊዜ መነሻው እጅዎ የነካው ቦታ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመፍታትዎ በፊት ወረቀት ያውጡና ዛሬ የነኩትን ሁሉ በቅደም ተከተል ይጻፉ።

ከኋላ ወንበር ሥር

የቮልስ ባትሪ የሚገኘው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ ልጆችዎ የሚቀመጡት እሱ ላይ ነው ማለት ነው። የወንበሩ የብረት ሞላዎች ሰው ሲቀመጥባቸው ወርደው የባትሪውን ጫፍ ከነኩ ብልጭታ ይፈጠራል፤ የወንበሩም ሙሌት እሳት ይይዛል። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች ጥቂት አይደሉም። ባትሪው ክዳን ከሌለው ዛሬውኑ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ወፍራም ጎማ ይሸፍኑት። ባትሪው ከቦታው እንዳይንቀሳቀስም በደንብ ይሰር።

ሽቦ ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱ። የቮልቱን ነገርም ያረጋግጡ። እ.ኤ.አ. እስከ 1966 የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች 6 ቮልት ሲሆኑ ከዚያ በኋላ የመጡት በአብዛኛው 12 ቮልት ናቸው። በመካከል የተቀየሩም ስላሉ በሞዴሉ ብቻ አይተማመኑ። የ12 ቮልት አምፖል በ6 ቮልት መኪና ላይ ይደበዝዛል፤ የ6 ቮልቱ በ12 ላይ ወዲያው ይቃጠላል። ጤነኛ የ12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ በቴስተር 12.6 አካባቢ ያሳያል።

ፊውዞቹን ያሽከርክሯቸው

የድሮ ቮልስ ፊውዞች እንደ ጥይት ጫፋቸው የሾለ ነው። ነጮቹ 8፣ ቀዮቹ 16 አምፔር ናቸው። ሳይቃጠሉም ጫፋቸው ሻግቶ ኤሌክትሪክ ሊያቋርጡ ይችላሉ። ባትሪው እንደተፈታ እያንዳንዱን በጣትዎ ያሽከርክሩ፤ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ብዙ «ብልሽት» እዚህ ላይ ያበቃል።

አንድ ነገር ግን ፈጽሞ አያድርጉ። ፊውዝ በተደጋጋሚ ተቃጠለ ብለው የሲጋራ ብር ወረቀት አይጠቅልሉበት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። እሱን ከከለከሉት ቀጥሎ የሚነደው ሽቦው፣ ከዚያም መኪናው ነው። የነዳጁ ታንከር ደግሞ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ከዳሽቦርዱ ሽቦዎች ብዙም ሳይርቅ መቀመጡን አይርሱ።

ፊውዙ እየተቃጠለ ካስቸገረ ያውጡትና በቦታው ሁለት ሽቦ ያለው የመፈተሻ አምፖል ያገናኙ። በዚያ ፊውዝ የሚሠሩትን ሁሉ ያጥፉ፤ አምፖሎቻቸውን ያውጡ። የመፈተሻው አምፖል አሁንም ደምቆ ከበራ አንድ ቦታ ሽቦ ከብረት ተገናኝቷል። ዛሬ ከነኩት ቦታ ጀምረው ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይለያዩ። አምፖሉ የጠፋ ጊዜ ጥፋተኛውን አገኙት።

ማሳውን ያጣሩ

ወደ ስቶፑ እንመለስ። ኤሌክትሪክ ከባትሪ ወጥቶ አምፖሉን ካበራ በኋላ በመኪናው ቆርቆሮ በኩል ወደ ባትሪው መመለስ አለበት። ጋራዦች ይህን መመለሻ ማሳ ይሉታል። መመለሻው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል መንገድ ይፈልጋል። ፍሬን ሲረግጡ ፍሬቻ የሚበራው፣ ሁሉም ደብዝዞ የሚታየው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ዘጋው? ያ በጥንቃቄ የቀቡት ቀለም! ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ለማረጋገጥ ከመብራቱ የብረት አካል ወደ ንጹሕ ቆርቆሮ አንድ ሽቦ ለጊዜው ያገናኙ። ስቶፑ ከደመቀ ጥርጣሬዎ ልክ ነበር። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ እስከ ብረቱ ፍቀው ያሰሩት፤ ከዚያ ዝገት እንዳይዘው ከላይ በግራሶ ይሸፍኑት።

ሞተሪኖው አዝግሞ የሚዞር ከሆነ ደግሞ በካምቢዮውና በቦዲው መካከል ያለውን ጠፍጣፋ የማሳ ገመድ ይመልከቱ። ካምቢዮ ወርዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

ሽቦ ከተደናገረብዎ ቀለሙ ይረዳዎታል። በጀርመን መኪና ቡናማ ማሳ ነው፤ ቀይ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ነው፤ ጥቁር በአብዛኛው ቁልፍ ሲዞር የሚነቃ ነው። ጫፎቹ ላይ 30 ከባትሪ በቀጥታ፣ 15 ከቁልፍ፣ 31 ማሳ፣ 50 ደግሞ ወደ ሞተሪኖ ማለት ነው። ከእርስዎ በፊት የጠገነ ሰው ያገኘውን ሽቦ ቀጥሎ ሊሆን ስለሚችል ግን ቀለሙን አይተው በቴስተር ያረጋግጡ።

ቀዩ መብራት ሲበራ

እየነዱ ሳለ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ቤት ስደርስ አየዋለሁ» አይበሉ። የቮልስን ሞተር የሚያቀዘቅዘው ፋን የሚዞረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ቺንጊያው ከተበጠሰ ባትሪ መሙላት ብቻ ሳይሆን ሞተሩን ማቀዝቀዝም ይቆማል። ዳር ይያዙ፤ ሞተሩን ያጥፉ፤ ቺንጊያውን ይመልከቱ።

መቼ ይተዉት?

የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተዎ፣ የቀለጠ ሽቦ ካዩ ወይም ከባትሪ በቀጥታ የሚመጡት ወፍራም ቀይ ሽቦዎች ከተላጡ ባትሪውን ፈትተው የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ። እነዚህ ወፍራም ሽቦዎች ፊውዝ የላቸውም። ባለሙያው ሲመጣም ያን የጻፉትን ወረቀት ይስጡት፤ የሚጠፋውን ጊዜና ገንዘብ ይቀንስልዎታል። እሳት ማጥፊያም ከእጅዎ በማይርቅ ቦታ ይኑር።

ጉዞው እሑድ ጠዋት ነው። ቤተሰቡ ከመሳፈሩ በፊት ልጅዎን እንደገና ከኋላ ያቁሙና ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ የማታ መብራት እያሉ አንድ በአንድ ያስቆጥሩት። ሁሉም በየተራው ደምቆ ከበራ ወንበሩን በባትሪው ክዳን ላይ ይመልሱና ይውጡ። አንዱ እንኳ ካልበራ ቢሾፍቱ የትም አይሄድም፤ ዛሬ በአውቶቡስ ይሂዱ።