አደገኛ ጥፋት የፈጸመ የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ምን ያህል ቢቀጣ ፍትሐዊ ይሆናል?

በዳላስና በፎርት ወርዝ መካከል በምትገኘው በአርሊንግተን ከተማ፣ የዳላስ ካውቦይስ ቡድን ስታዲየም ወለል በአፈር ተሞልቶ የሱፐርክሮስ ሞተር ሳይክል ውድድር ይካሄድበታል። እአአ በ2019 ኩፐር ዌብ ኬን ሮክዘንን በ0.028 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ያሸነፈው በዚሁ ስታዲየም ነበር። ልዩነቱ ይህን ያህል በሚጠብበት ስፖርት፣ በመታጠፊያ ላይ ገፍቶ መግባትና ተቀናቃኝን ከመስመሩ ማስወጣት አብዛኛውን ጊዜ የጨዋታው አካል ተደርጎ ይወሰዳል። ተመልካቹም ቢሆን ይህን ሊያይ ይመጣል።

ከዳላስ ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ኦስተን ግን ጉዳዩ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ያለው የአስፋልት መወዳደሪያ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቀጥተኛ መስመር አለው። ተወዳዳሪዎቹ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረሩ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በዚህ ፍጥነት አንድ እርምጃ ያህል ወደ ጎን ማለት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

እአአ ኦክቶበር 3 ቀን 2021 በኦስተን በተካሄደው የሞቶ3 ውድድር የሆነውም ይህ ነው። የያኔው የ18 ዓመት ቱርካዊ ዴኒዝ ኦንጁ በቀጥተኛው መስመር ላይ ከጄረሚ አልኮባ ፊት ተሻግሮ ገባ። አልኮባ ወደቀ። ከኋላ ይከተሉ የነበሩት አንድሪያ ሚኞና ፔድሮ አኮስታ ከወደቀው ሞተር ጋር ተጋጭተው አየር ላይ ተወረወሩ። ሦስቱም በእግራቸው መሄዳቸው ብዙዎችን አስደንቋል። ዳኞቹ ኦንጁን ከሁለት ውድድሮች አገዱት።

ውሳኔው የተላለፈበት ወቅት ቀላል አልነበረም። ከስምንት ቀናት በፊት የ15 ዓመቱ ዲን በርታ ቪኛሌስ በስፔን ሄሬዝ በውድድር ላይ ሕይወቱ አልፏል። በዚያው ዓመት የ19 ዓመቱ ጄሰን ዱፓስኪዬና የ14 ዓመቱ ሁጎ ሚያንም እንዲሁ በውድድር ሞተዋል። በኦስተን ማንም ክፉኛ አለመጎዳቱ ታዲያ ቅጣቱን ሊያቀል ይገባ ነበርን?

ዳኞቹ አልተቀበሉትም፤ ትክክልም ነበሩ። አልኮባና ባልደረቦቹ የተረፉት በዕድል እንጂ በኦንጁ ጥንቃቄ አይደለም። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሙከራ ወንጀልን የሚቀጣውም ከዚህ በማይርቅ ምክንያት ነው፤ የታሰበው ጉዳት ሳይደርስ መቅረቱ ብቻውን አድራጊውን ነጻ አያወጣውም።

አስቸጋሪው ክፍል ከዚህ በኋላ ይመጣል። ከሦስት ዓመታት በፊት፣ እአአ በ2018፣ በጣሊያን ሚዛኖ በተካሄደ የሞቶ2 ውድድር ሮማኖ ፌናቲ እጁን ዘርግቶ የስቴፋኖ ማንዚን የፊት ፍሬን እጀታ ጨመቀ። ሁለቱም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየነዱ ነበር። ማንዚ ሳይወድቅ ቀረ። ፌናቲ በጥቁር ባንዲራ ከውድድሩ ወጣ፤ የዳኞቹም እገዳ ሁለት ውድድር ነበር። ይኸውም ከኦንጁ ጋር እኩል መሆኑ ነው። አንደኛው በእሽቅድምድም ግለት መስመሩን በግዴለሽነት የለወጠ ሲሆን ሌላው የሰው ፍሬን ሆን ብሎ የያዘ ነው። የእነዚህ ሁለት ድርጊቶች ዋጋ እኩል መሆኑን ለማስረዳት የሚያዳግት ይመስላል።

በፌናቲ ጉዳይ ክፍተቱን የሞላው የሕዝብ ቁጣ ነበር። ምስሉ በዓለም ዙሪያ ከታየ በኋላ ቡድኑ አሰናበተው፣ ለቀጣዩ ዓመት የተፈራረመው ቡድንም ውሉን ሰረዘ። ዓለም አቀፉ የሞተር ሳይክል ፌዴሬሽንም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ፈቃዱን ያዘ። ፌናቲ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ቅጣቱ የከበደው ግን በሕግ ሚዛን ሳይሆን በጩኸት ብዛት ነው፤ ካሜራ ባልቀረጸው ጥፋት ላይ ይህ አይሠራም።

የእገዳው ክብደት በተቀጪው የነጥብ ደረጃም ይለያያል። የ2021 የሞቶ3 የውድድር ዓመት 18 ውድድሮች ነበሩት፤ ለዋንጫ በማይፎካከረው በኦንጁ ላይ የሁለቱ መቅረት ዋንጫ አላሳጣውም። በዚያን ጊዜ በ30 ነጥብ ይመራ የነበረው አኮስታ ተመሳሳይ ጥፋት ቢፈጽም ግን፣ ለአሸናፊ 25 ነጥብ በሚሰጥበት ውድድር፣ እስከ 50 ነጥብ ሊያጣ ይችል ነበር። አንድ ዓይነት ቅጣት ለአንዱ ሁለት ሳምንት እረፍት ለሌላው የዓለም ሻምፒዮንነት ማጣት ይሆናል።

ይህን በግልጽ ያሳየው የ2015ቱ የቫለንቲኖ ሮሲ ጉዳይ ነው። በማሌዥያ ሴፓንግ ማርክ ማርኬዝን ወደ ትራኩ ዳር ገፍቶ ማርኬዝ ከወደቀ በኋላ ሦስት የቅጣት ነጥብ ተሰጠው። ቀድሞ የነበረው አንድ ነጥብ ሲደመርበት አራት ሞላ፤ በመጨረሻው የቫሌንሲያ ውድድር ከሁሉም ኋላ እንዲነሳ ተፈረደበት። ሮሲ በስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ውሳኔውን ለማሳገድ ቢሞክርም አልተሳካለትም። በሰባት ነጥብ ይመራ የነበረው ጣሊያናዊ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫውን ኾርኸ ሎሬንዞ በአምስት ነጥብ ብልጫ ወሰደ። ደጋፊዎቹ ዛሬም ዳኞቹን፣ ሌሎች ደግሞ ራሱን ሮሲን ይወቅሳሉ።

የኦንጁን ውሳኔ ያሳለፈው የዳኞች ቡድን ሰብሳቢ ከዳላስ በስተምሥራቅ በምትገኘው በሽሪቭፖርት የተወለደው፣ በ1980ዎቹ ሦስት የዓለም ዋንጫዎች ያነሳው ፍሬዲ ስፔንሰር ነበር። ዳኞቹ ለቀላል ጥፋት ተወዳዳሪው ረዘም ያለ ዙር እንዲያሽከረክር የሚያዝ ቅጣትም ከ2019 ጀምሮ አላቸው፤ ጊዜ ያሳጣል እንጂ ውድድር አያስቀርም። በሱ እና በሁለት ውድድር እገዳ መካከል ያለው ሰፊ ርቀት ላይ ግን ለሆን ብሎ፣ ለግዴለሽነትና ለስህተት የተለያየ መጠን በግልጽ ቢቀመጥ፣ ተቀጪውም ተመልካቹም ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ፌናቲ በ2019 ካሰናበተው ቡድን ጋር ተመልሶ በኦስትሪያ አሸነፈ። ኦንጁም እገዳውን ጨርሶ በዚያው ዓመት በቫሌንሲያ ተመለሰ፤ በ2023 በጀርመን የመጀመሪያውን የሞቶ3 ድሉን አገኘ።