ዘውድ እንደ ግዞት፤ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ለታሪካዊ ልቦለድ

ታሪካዊ ልቦለዳችን ሲነሣ ቀድሞ ትዝ የሚለን ዘማች ንጉሥ ነው። የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ» እና የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ዓፄ ቴዎድሮስን ይዘው የተጻፉ ናቸው፤ ጀግናው ሲዘምት ሴራውም አብሮ ይዘምታል። ታዲያ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ለዙፋን ቅርብ የሆነች፣ ከግቢ እንዳትወጣ የተወሰነች ሴት ስትሆን ታሪኩ በምን ይራመዳል? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ምሳሌ ለማብራራት እሞክራለሁ።

መጀመሪያ የሚታሰቡት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ፤ ኋላም እንጦጦ ተወስነው የካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። የእሳቸው ግዞት ግልጽ ነው። እኔ የምመርጠው የእንጀራ ልጃቸውን ዘውዲቱን ነው፤ ዘውዱን እንደ ደፉ የተወሰኑ ናቸውና።

ወይዘሮ ዘውዲቱ በልጅ ኢያሱ ዘመን ከዋናው ከተማ ርቀው ፋሌ እንዲቀመጡ ተደርጎ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ለንግሥና ተጠሩ፤ ተፈሪ መኰንንም አልጋ ወራሽ ሆኑ። የንግሥናው ዋጋ ከባላቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ መለየት ነበር። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ስለሆኑ መኳንንቱ ያ ወገን ዳግመኛ ቤተ መንግሥት እንዲገባ አልፈለጉም። እሳቸው ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን የሚያጠቃልለውን ቤጌምድርን እየገዙ ደብረ ታቦር ተቀመጡ፤ ንግሥቲቱ አዲስ አበባ። ታሪክ ጸሐፊ «ተለያዩ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ልቦለድ ጸሐፊ ግን አሥራ ሦስት ዓመት በእጁ ይቀራል።

መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ሸፈቱ። ዋናው ግጭት ያለው እዚህ ላይ ነው። በጦር ሚኒስትሩ በሙሉጌታ ይገዙ የተመራው ጦር የዘመተው በንግሥቲቱ መንግሥት ስም፣ በንግሥቲቱ ባል ላይ ነው። አውሮፕላንም በሸፈተው ጦር ላይ የውግዘት ወረቀት በተነ። መጋቢት 22 ቀን፣ በጋይንት ወገን በቤጌምድርና በወሎ ወሰን አካባቢ፣ አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ተገደሉ። መጋቢት 24 ቀን ንግሥቲቱ ዐረፉ።

በመካከሉ ያለው ሁለት ቀን ነው። ሕመማቸውን በምክንያትነት የሚያነሡ አሉ፤ መርዶው ገደላቸው የሚሉም አሉ፤ የተንኮል ሐሜትም አልጠፋም። ታሪክ ጸሐፊ ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ ደራሲ ግን መምረጥ አለበት። በእኔ አስተያየት ሞታቸውን ከመፍታት ይልቅ መርዶውን መያዝ ይበልጣል። በአገራችን መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም፤ ተደብቆ ይቆያል፣ ሽማግሌ ይመረጥለታል፣ ማልዶ ይነገራል። እስኪነገር ድረስ ቤተሰቡ በሁለት ይከፈላል፤ የሚያውቅና የማያውቅ። ከአጥር ውጭ መውጣት ለማይችል ልቦለድ ከዚህ የተሻለ ሴራ አላውቅም። ሌላም ጥያቄ አለ፤ የቤተ ክርስቲያን ውግዘት ለወረደበት ሸፋች፣ ያውም በጾምና በጸሎት የምትኖር ንግሥት፣ እንባ ማፍሰስ ይፈቀድላታልን?

ስኮትላንዳዊው ዎልተር ስኮት በ1820 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «አበምኔቱ» ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ነበር። የስኮትላንድ ንግሥት ሜሪ በሐይቅ መካከል ባለ ግንብ ታስራለች። ስኮት ትረካውን ለአንድ ወጣት አሽከር ሰጠው፤ ንግሥቲቱ ተቀምጣ አሽከሩ ይወጣል፣ ይገባል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ ወጣቱ ቀስ በቀስ ታሪኩን ይወስድባታል።

ስለዚህ የኛ ደራሲ ትረካውን አንቺም ድረስ ባይወስደው እመርጣለሁ። ጦርነቱን አንባቢ ካየ ንግሥቲቱ ከማታውቀው በላይ ያውቃል፤ ግዞቱም ይፈርሳል። አንቺም ወደ ግቢው ይምጣ። ለምሳሌ ከጋይንት ወይም ከስማዳ መጥታ በእልፍኙ የምታገለግል፣ ወንድሟ ከራስ ጉግሣ ጋር የዘመተ ሴት ገጸ ባሕርይ ትፈጠር። የአነጋገር ዘዬዋ የአገሯ ይሁን፤ ለዚህም ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ አዛውንት የሙሾና የቀረርቶ ስብስብ ያደረጉ ተማሪዎች ብዙ ሊያግዙ ይችላሉ። እመቤቷን ቀና ብላ ለማየት የፈራችው ይህች ሴት የተደበቀውን ወሬ ታውቀዋለች። የራሷ መርዶ ግን ገና አልተነገራትም።