ከምግብ ዝርዝር ውጭ የቀረው የአዊ ማዕድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ የአዊ ዞን ከተማ እንጅባራ ሲደርስ፣ በዚያ ከፍተኛ ደጋ ጉሙና ካፊያው ተባብረው ሲቀበሉት፣ ከመኪና ወርዶ አስቀድሞ የሚያስበው ትኩስ እህል ነው፤ ከመንገዱ ዳር ካሉት ሆቴሎች ወደ አንዱ ገብቶ «ምን አለ?» ብሎ ሲጠይቅም አስተናጋጇ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ያጠናችውን «ጥብስ አለ፣ ቅቅል አለ፣ ፍርፍር አለ፣ ሽሮ አለ፣ በያይነቱ አለ፣ ፓስታ በእንጀራ አለ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትወርድለታለች። ይህ ዝርዝር በደብረ ብርሃንም በሻሸመኔም ያው ነው። ጠያቂው ሆዱን ሊሞላ ብቻ የመጣ እንደሆነ ምንም አይጐድልበትም፣ ምግቡም ብዙ ጊዜ መልካም ነው፤ ነገር ግን የአገሩን ጣዕም በአገሩ ልቅመስ ብሎ የመጣ እንደሆነ፣ ከተጠራው ስም ሁሉ «ይህስ የአዊ ነው» የሚልበት አንድም አያገኝም።

ምድሪቱ የራሷ ማዕድ ስለሌላት ነው እንዳይባል፣ ከሆቴሉ ጀርባ ባለው ጓዳ ሌላ ምግብ እየበሰለ ነው። የሆቴል ሥርዓት በአገራችን የከተማና የእንግዳ ሥርዓት ነው፤ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ ሆቴል ካቆሙ ወዲህ፣ በየአውራጃው ከተማ የተከፈተው ምግብ ቤት ሁሉ ዓይኑን ወደ መናገሻዪቱ አቅንቶ፣ ለእንግዳ ክብር ይገባል ብሎ ያመነበትን ነጭ የጤፍ እንጀራና ሥጋ ሲያቀርብ ኖሯል፤ የቤቱ እመቤት ለልጆቿ የምታቀርበውን የዳጉሳ እንጀራ፣ የድንች ቅቅል፣ የገብስ ገንፎና የኑግ ፍትፍት ግን በባዕድ ፊት መዘርጋት ነውር ሆኖ ይታያታል። እንግዳው የሚሻውን ነገር ከእንግዳው የሚሰውርበት ራሱ እንግዳ ማክበር ስለሆነ፣ በአዊ ጥሩ ምግብ የሚፈልግ ሰው ሥራው የማባበል ሥራ ነው፤ ባለቤቲቱ የምታፍርበትን ምግብ እንድታቀርብለት ማግባባት አለበት።

ይህ ምግብ ታሪክ ያለው ስለሆነ ማፈሩ ይገርማል። በ1763 ዓ.ም. የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ፣ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ አዊም ወገኑ ስለሆነው ስለ አገው ሕዝብ ሲተርክ፣ የጐንደር ከተማና በዙሪያዋ ያለው አገር በከብት፣ በማር፣ በቅቤ፣ በስንዴ፣ በቆዳና በሰም የሚተዳደረው ከአገው በሚመጣ ስንቅ እንደሆነ፣ ነጋዴዎቹም ሺህና ሺህ አምስት መቶ እየሆኑ ተራ በተራ ወደ መናገሻዋ ይጐርፉ እንደነበር ጽፏል። ያን ያህል ቅቤ ያን ያህል መንገድ ተጭኖ እንዴት ሳይበላሽ ይደርሳል ለሚለው ጥያቄ የሰጠው ሐተታ ግን ለምግብ ወዳድ ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ካሮት የመሰለ ቢጫ ሥር ወቅጠው ከቅቤው ጋር እንደሚቀላቅሉት፣ ጥቂቱም ብቻ ለብዙ ጊዜ ከመበላሸት እንደሚጠብቀው ይናገራል። ስሙንም በላቲን ፊደል ሞክሞኮ ብሎ አስፍሮታል።

ይህ መቅመቆ ነው! ዛሬም ቅቤ የምታነጥር የጐጃም ሴት ከኮረሪማው፣ ከኮሰረቱና ከአብሹ ጋር የምትጨምረው፣ ለቅቤው ያን ወርቅማ መልክ የሚሰጠው፣ በገበያም ደርቆና ተቈራርጦ የሚሸጠው ያው ሥር ነው። አንድ የቅመም ሥር ከ250 ዓመት በላይ ከአንድ ቅቤ ጋር ሳይለያይ መኖሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ ሐውልት የሚበልጥ ቅርስ ነው፤ ይሁን እንጂ በየሆቴሉ «ልዩ» እየተባለ የሚቀርበው ሽሮ በፋብሪካ ዘይት ሲሠራ፣ መቅመቆ የገባበት የቤት ቅቤ ግን ሳይጠራ ይቀራል። ስለዚህ ፈላጊው የመጀመሪያ ጥያቄውን ስለ ወጡ ስም ሳይሆን ስለ ቅቤው ቢያደርገው ይበጀዋል፤ «ቅቤው በመቅመቆ የተነጠረ ነው?» ተብላ የተጠየቀች ሴት ፊቷ ወዲያው ይለወጣል፣ ጠያቂውም አላፊ መንገደኛ መሆኑ ቀርቶ የምግብ ነገር የገባው ሰው ሆኖ ይታያታል።

ከእንጅባራ በአዲስ ቅዳም በኩል ወደ ሰሜን ሲወርዱ፣ ከባሕር ዳር 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ዳንግላ ትመጣለች። ይህች ከተማ ለባዕድ እንግዳ አዲስ አይደለችም፤ ጣሊያን አገራችንን ከመውረሩ በፊት የእንግሊዝ ቆንስላ ተቀማጭነቱ በዚህ ነበረ፣ ቆንስሉ ቺዝማንም እዚህ ተቀምጦ የጣናንና የዓባይን ምድር በበቅሎ ዞሮ መጽሐፍ ጽፎበታል። ዳንግላ ከእንጅባራ ዝቅ ያለች ወይና ደጋ ስለሆነች ምድሯ ዳጉሳ፣ በቆሎ፣ ጤፍና ኑግ ያበቅላል፤ በመስከረም በኑግ አበባ ቢጫ ሆኖ የሚታየው ማሳ ለዓይን የሚያስደስተውን ያህል፣ ከዚያው ኑግ በጾም ቀን የሚሠራው ፍትፍት ለአፍ ያስደስታል።

ዳጉሳውን በሚመለከት ግን ትንሽ ልዘግይ። በዳንግላ አንዲት ባለ ምግብ ቤት «እመቤቴ፣ የዳጉሳ እንጀራ አይኖርም?» ተብላ ስትጠየቅ፣ «ኧረ ጌታዬ! ለርስዎ ዳጉሳ ላቅርብ? ሰው ቢያይ ምን ይለኛል?» ብላ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ ከብዙ ልመና በኋላም ጠቈር ያለውንና ለስላሳውን እንጀራ ከነጩ ሥር አድርጋ፣ እኔ አላየሁም እንደማለት ያህል፣ አቀረበችው። ከላይ ያለው ጤፍ በየትም የሚገኝ ጤፍ ነበር። ከሥር ያለው ግን መሬት መሬት የሚል ደግ መዓዛ ያለው፣ በምላስ ላይ ቀስ ብሎ ጣፋጭ የሚሆን፣ ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ የበርበሬውን ቍጣ የሚያበርድ ነው፤ ከቡሬ አካባቢ በሚመጣው በርበሬ ወጥ የቀመሰ ሰው ይህ ማብረድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ዳጉሳ መጀመሪያ የለማው በምሥራቅ አፍሪካ ደጋዎች እንደሆነ ሊቃውንት ይስማማሉ፤ ከዚህ ወደ ህንድ ተሻግሮ በደቡቡ ክፍል ራጊ ተብሎ የዕለት ምግብ ሆኗል፣ በካልሲየም ብዛቱም ከእህል ሁሉ ስለሚልቅ ለሕፃናትና ለአራሶች ይመረጣል። በህንድ ጥያቄም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር 2023ን ዳጉሳና ማሽላን የመሰሉ እህሎች የሚከበሩበት ዓመት ብሎ ሰየመው፣ የህንድ ታላላቅ ሆቴሎችም በራጊ ተኵራርተው ለእንግዳ ያቀርባሉ። እኛ ከነጩ ሥር እንደብቀዋለን። ይልቁንም የሚያስቀው፣ ይኸው ዳጉሳ በእንጀራነቱ የሚታፈርበትን ያህል በአረቄነቱ የሚታፈርበት አለመሆኑ ነው፤ የዳጉሳ አረቄ ቀርቦ ሳለ ስሙን በሹክሹክታ የሚጠራ ሰው እስካሁን አላየሁም።

እንጅባራ ግን የድንችና የገብስ አገር ናት። ድንች ከደቡብ አሜሪካ ወደ ኤውሮጳ ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው በ1850 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ያመጣውም በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እንደሆነ ይነገራል። በአዊ ደጋ ዝናቡ ብዙ፣ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ድንቹ ምድሩን እንደ ባላገር ለመደው፤ ገና ገብሱ ሳይደርስ፣ ጐተራውም በሚጐድልበት በሐምሌና በነሐሴ የብዙ ቤት ጥላ ከለላ ሆኖ ይኖራል። ዛሬ ጉደኔና በለጠ የሚባሉ ከምርምር ጣቢያ የወጡ ዝርያዎች ቢበዙም፣ የአበሳሰሉ ሥርዓት ግን እንደ ቀድሞው ቀላል ነው፤ ከነልጣጩ በድስት ይቀቀላል፣ ትኩሱን በእጅ እያገላበጡ ይላጣል፣ ከበርበሬና ከጨው የተቀመመ ድቁስ እየተነካ ይበላል። ከዚህ በላይ የሚያስፈልገው ብርድ ብቻ ነው፣ ብርዱን ደግሞ እንጅባራ በነጻ ትሰጣለች።

ይህን ድንች በሆቴል ጠረጴዛ ላይ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። የሚገኘው በገበያ ቀን፣ ድስታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ከሚቀመጡ እናቶች ዘንድ ነው፤ ወይም ደግሞ በበሯ ላይ ጣሳ በእንጨት ጫፍ ደፍታ ጠላ መጥመቋን ለአላፊ አግዳሚ ከምታስታውቅ ሴት ቤት ነው። ጠላ ቤት ለከተሜ እንግዳ ስሙ የሚያስፈራ ቢሆንም፣ የአገሩ ማዕድ ሳይሸማቀቅ የሚወጣበት ስፍራ እርሱ ነው፤ ከጠላው ጋር ቆሎው፣ ንፍሮው፣ ቂጣው፣ ድንቹ ይመጣል፣ ተቀማጩም ሽማግሌ ይሁን ወጣት ለአዲስ ገቢ ቦታ ይለቅለታል። የእንጅባራን ጉዞ ቅዳሜ ላይ ያደረገ ሰው ወደ አዲስ ቅዳም ጐራ ቢል፣ ከተማዪቱ በገበያዋ ቀን የተሰየመች እንደመሆኗ፣ ማርና ቅቤውን፣ ገብስና ዳጉሳውን በአንድ ሜዳ ላይ ያየዋል።

ሌላው ብልሃት የሰው ሁሉ ግምት ተቃራኒ ነው፤ ጥሩ ምግብ ለመብላት የጾም ቀን መምረጥ። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ የሚጾሙ ሲሆን፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ በመጡ ጊዜ የሆቴሉ ጥብስና ቅቅል ከዝርዝሩ ይወርድና ወጥ ቤቲቱ ወደ እናቷ ሙያ ለመመለስ ትገደዳለች። ያን ጊዜ ነው ኑጉ ተቈልቶ የሚወቀጠው፣ ተልባው የሚበጠበጠው፣ ባቄላው ከሱፍ ጋር በስልት ቦክቶ ሰናፍጭ የሚያሰነፍጠው ስልጆ የሚወጣው። ፍልሰታ፣ ይኸውም ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው፣ ከአዲሱ ድንች ጋር ስለሚገጥም ከሁሉ የተመረጠ ነው፤ ዝናቡን የሚፈራ ሰው ግን ጃንጥላ ይያዝ።

ሥጋ አይበላም ማለቴ አይደለም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋንና የአርበኞችን መታሰቢያ በጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሲያከብር፣ ያጌጡት ፈረሶች ከየወረዳው ተሰብስበው በሚጋለቡበት በዚያን ዕለት፣ ከተማው በሥጋና በጠላ ይጥለቀለቃል፣ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ይጨናነቃል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ግን የከተማዪቱ የቀድሞ ስም ኮሶበር እንደነበረ ልብ ይበል፤ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣውን የኮሶ ትል ለማስወጣት አባቶቻችን የሚጠጡት ያ መራራ አበባ የዚህ ደጋ ዛፍ ነው፣ ዛሬ የጤና ጣቢያው ክኒን ቢተካውም በሽታው አልጠፋምና ሥጋውን አብስሎ መብላት ይሻላል።

የአገር ማዕድ እንዴት ስም ያወጣል ቢባል፣ የጉራጌ ክትፎ በአዲስ አበባ በየሰፈሩ ስም ያወጣው፣ የአገሩ ሰው ለንግድ ሲሰደድ ሙያውን ይዞ ሄዶ በራሱ ስም ቤት ስለከፈተበት ይመስለኛል። የአዊ ሰው ግን ማሩን፣ ቅቤውንና ድንቹን እንጂ ማዕዱን ወደ ገበያ አላወጣም፤ በቅርብ ዓመታትም በፋግታ ለኮማ ወረዳ ብዙ ገበሬ ገብሱንና ጤፉን ትቶ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ለከሰል ሽያጭ መትከሉ ኑሮውን ያሻሻለለት ቢሆንም፣ ገብሱ በሳሳበት ማሳ አጠገብ የገብስ ገንፎ ወዳድ ሆኖ መቆየት ቀላል አይሆንም።

ይህን ማዕድ የሚሻ እንግዳ በደረሰበት ሰዓት ልብላ ቢል አይሆንለትም። ዋዜማውን ማታ ወይም በማለዳ ወደ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቶ፣ ባለቤቲቱን እንጂ አስተናጋጇን ሳይሆን፣ «እናቴ፣ ለምሳ ለቤትዎ የሚሠሩትን ይሥሩልኝ» ብሎ ይንገራት፤ ገብሱን የምታስፈጭበት፣ ቅቤውን ከጐረቤት የምታመጣበት ጊዜ ትፈልጋለችና። ሒሳብ ሲጠየቅ «ለዳጉሳና ለድንች ምን ብዬ ልቀበልዎ?» ማለቷ አይቀርም። እንግዳው እንግዲህ በዚያ ርካሽነት ደስ ብሎት ሊሄድ አይገባውም፤ የጥብሱን ዋጋ ሳያጐድል ይክፈላት፣ ቢቻል በሌሎቹ ተመጋቢዎች ፊት፣ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጎ።