ጉልበትዎን የያዘዎ ብርድ ነው ወይስ ኮርቻ?

ከአዘዞ ተነስቶ ፒያሳ ድረስ ብስክሌት የነዳ የጎንደር ልጅ ዳገቱን ያውቀዋል። ማታ ጉልበቱን ይዞ «ብርድ መታኝ» ይላል። እናት ቅቤ ያሻሉ፣ ወጌሻ ይጠራል፣ በሳምንቱ ያው ነው። ኧረ ብርዱስ ምን አደረገ! እስቲ ኮርቻዎን ይዩት።

ብዙ ወጣት ኮርቻውን ዝቅ ማድረግ ይወዳል፤ ሲቆም ሁለቱም እግሩ መሬት ይረግጥለታላ። ዳገቱን ሲገፋ ግን ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ሎሚው ፊት ለፊት ያመዋል። ከልክ በላይ ከፍ ያደረገው ደግሞ ከጉልበቱ በስተኋላ ይታመማል፤ ዳሌውም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ከኋላ ለሚያየው ጭፈራ ነው የሚመስለው። ደባርቅ ላይ በቅሎ ቢከራዩ እንኳ እርካቡ በእግርዎ ልክ ይስተካከል የለ?

ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ ያድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ እንደ ወትሮው በእግርዎ ፊት ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ይታጠፋል። በሜትር ካላየሁ አላምንም ለሚሉ፦ በ1967 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ከመሬት እስከ ብሽሽት ያለውን ቁመት በ1.09 አባዙ ይላል። 80 ሳንቲም ቢሆን 87 ገደማ ይመጣል፤ ታች ከደረሰው ፔዳል እስከ ኮርቻው አናት ማለት ነው።

ጣጣው ያለው ኮርቻውን የተሸከመው ቱቦ ላይ ነው። ረዥም ልጅ ቱቦው ሲያጥርበት እስከ ጫፉ ይመዘዋል። ቱቦው ላይ የተቀረጸው መስመር ግን ለጌጥ አይደለም፤ ከዚያ ካለፈ ወይ ቱቦው ይሰበራል ወይ የብስክሌቱ አካል ይሰነጠቃል። ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲበሩ ቢደርስስ? አያምጣው ነው! ካጠረዎ ረዥም ይግዙ። ውፍረቱም ይለያያል፦ 25.4 አለ፣ 27.2 አለ፣ 31.6 ሚሊ ሜትር አለ። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከቱቦው ሥር ተጽፏል፤ አሮጌውን ይዘው ሱቅ ይሂዱ። «ይሄም ይገባል» ቢልዎ እሺ አይበሉ። ቀጭኑን በጣሳ ቆርቆሮ ጠቅልሎ መክተት የሰፈር ዘዴ ነው፤ ቱቦው ቀስ እያለ ይሰምጣል፣ እርስዎም ሳያውቁት ወደ ቅቤው ይመለሳሉ።

ጉልበትዎ ካበጠ ሐኪም ይዩ። አለበለዚያ በአንዴ ግማሽ ሳንቲም ብቻ እያነሱ ጥቂት ቀን ይሞክሩት። ልክዎን ሲያገኙ ቱቦው ላይ ናስትሮ ይጠቅልሉበት፤ ወንድምዎ ተውሶት ሲመልስ የት እንደነበረ አይጠፋዎትም።