ነፋሱን መሥራት

አብራሪዎች በሚለማመዱበት ምስለ በረራ (ሲሙሌተር) ውስጥ የነጎድጓድ ማዕበል ማሳየት ቀላል ነው። ጥቁሩ ደመና፣ መስታወቱን የሚደበድበው ዝናብ፣ ብልጭታውና ጉርምርምታው ሁሉ ጎበዝ የኮምፒውተር ባለሙያ የሚወጣው ሥራ ነው። አስቸጋሪው በዓይን የማይታየው ነፋስ ነው፤ አውሮፕላን ሊጥል የሚችለውም እሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 1985 የዴልታ አየር መንገድ በረራ 191 ዳላስ ፎርት ዎርዝ ለማረፍ ሲቃረብ በነጎድጓድ ደመና ሥር ገባ። መጀመሪያ ከፊት የሚመጣው ነፋስ በረታና ክንፎቹን አነሳቸው። ወዲያው ከላይ የሚወርድ አየር ተጫነው፤ ቀጥሎ ነፋሱ ከኋላ ዞረ፣ በክንፎቹ ላይ የሚያልፈው አየርም ፍጥነቱ ወረደ። 137 ሰዎች ሞቱ።

ይህን ክስተት ማይክሮበርስት ያሉት የአየር ሁኔታ ተመራማሪው ቴድ ፉጂታ ናቸው፤ መነሻቸውም በ1975 ኒውዮርክ ላይ የደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ነበር። ከደመናው የሚወርደው ቀዝቃዛና ከባድ አየር ከእንስራ እንደተደፋ ውሃ መሬት ሲነካ በየአቅጣጫው ይረጫል። ስፋቱ ከአራት ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ዕድሜውም ጥቂት ደቂቃ ነው። በ1982 ተመራማሪዎች ዴንቨር አካባቢ ዶፕለር ራዳር ተክለው ብዙ ማይክሮበርስቶችን ለኩ። ከዳላሱ አውሮፕላን መረጃ መቅጃ የተገኘው መዝገብም ነፋሱን መልሶ ለመገንባት አስቻለ። እነዚህ ልኬቶች ወደ ምስለ በረራ ገቡ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ፍጥነቱ ሲወርድ ያየ አብራሪ እጁ የሚሄደው አፍንጫውን ዝቅ ወደማድረግ ነው። መሬት ቅርብ ሲሆን ግን መደረግ ያለበት ተቃራኒው ነው፦ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ መያዝ። እንዲህ ያለውን ነገር በቃል ማስረዳት አይበቃም፤ እጅ ራሱ መልመድ አለበት፤ እውነተኛ ማዕበል ውስጥ ገብቶ መለማመድ ደግሞ አይታሰብም።

ቦሌ በሚገኘው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ እንዳሉት ያሉ ትልልቅ ምስለ በረራዎች በስድስት ተንቀሳቃሽ እግሮች ላይ ይቆማሉ። ክፍሉ ድንገት ይነቀነቃል፣ ከዚያ አብራሪው ሳያውቀው በዝግታ ወደ መሃል ይመለሳል። የመናወጡ መጀመሪያ በሚገባ እንዲሰማው ያደርጋል። ሰውን ከመቀመጫው ጋር ለረጅም ጊዜ የሚያጣብቀውን ጫና ግን መስጠት አይችልም፤ እግሮቹ የሚዘረጉት ጥቂት ነው።

ከፍታ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። አየሩ ሳስቷል፤ አውሮፕላኑ መሄድ ያለበት ፍጥነት ከታችም ከላይም ወሰኑ ጠባብ ነው። ከማዕበል አናት የሚወጣውን ደቃቅ የበረዶ ክሪስታል ደግሞ የአውሮፕላኑ ራዳር በሚገባ አያየውም። በ2009 የኤር ፍራንስ በረራ 447 አትላንቲክ ላይ ሲበር የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን በረዶ ደፈናቸው፤ አውቶፓይለቱ ጠፋ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫው ተነስቶ ወደ 38,000 ጫማ ወጣና ክንፎቹ መሸከም አቆሙ። 228 ሰዎች አለቁ። በዚያ ዘመን የነበሩት ምስለ በረራዎች እንዲህ ያለውን ውድቀት እስከ መጨረሻው በታማኝነት የሚያሳዩ አልነበሩም፤ የተሠሩት በሙከራ በረራ ከተገኘ መረጃ ነውና፣ ትልልቅ አውሮፕላኖች ደግሞ እዚያ ድረስ አይሞከሩም።

የተሳሳተ ምስለ በረራ ከምንም የከፋ ይመስለኛል፤ አብራሪው የማይሠራውን መላ በልበ ሙሉነት ይማርበታልና። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2016 ባወጣው ደንብ ከእንዲህ ያለ ውድቀት ለመውጣት በሚሰጥ ሥልጠና ላይ የሚውሉ ምስለ በረራዎች ሙሉውን ውድቀትና በረዶ የሚያስከትለውን ለውጥ እንዲያሳዩ ግድ አለ። የበረራ መረጃ በሌለበት መሐንዲሶች የነፋስ ዋሻ ልኬትንና ስሌትን ይጠቀማሉ፤ ከዚያም በእውነተኛ አውሮፕላን ውድቀቱን የሚያውቅ አብራሪ መሪውን ይዞ፣ መንቀጥቀጡና መዘንበሉ ልክ መሆኑን ይፈትሻል።