ከወርክሾፑ ጀርባ ላለው ቤት ሁለተኛ ሳጥን

ከፊት እንጨት ይሰነጠቃል፣ ከኋላ ወጥ ይንተከተካል። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች እንዲህ ያለ ግቢ ብርቅ አይደለም፤ ባለቤቱ ወይም ዘበኛው ከወርክሾፑ ጀርባ ባለች አንድ ሁለት ክፍል ይኖራል። መብራቱ ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከወርክሾፑ ሶኬት በተሳበ ሽቦ ነው። የመላጊያው ማሽን በተነሣ ቁጥር አምፖሉ ደንገዝ ይላል። ምጣድ ተጥዶ ሳለ መጋዙ ከተነሣ ደግሞ ብሬከሩ ይጥልና ከፊትም ከኋላም ጨለማ ይሆናል።

መላው ለመኖሪያው የራሱን ማከፋፈያ ሳጥን መትከል ነው። ሳጥኑ ኃይል አይጨምርም፤ ከቆጣሪው የሚመጣው ያው የነበረው ነው። ሥራው መለየት ነው። ከዋናው ማከፋፈያ የራሱ ብሬከር ያለው ወፍራም ኬብል ተነሥቶ ወደ መኖሪያው ይገባና እዚያ ለመብራት፣ ለሶኬትና ለምጣድ ይከፋፈላል። ማታ የማሽኖቹ መስመር በሙሉ ቢጠፋም ፍሪጁ አይቆምም።

መለየት ያስፈለገው የሁለቱ ጠባይ ስለማይገጥም ነው። ትልቅ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ከረንት ይስባል። ስለዚህ ለማሽን የሚመረጠው ይህን ድንገተኛ ጭነት የሚችል፣ «ሲ» ወይም «ዲ» የሚባለው የብሬከር ዓይነት ነው። ለመኝታ ቤት ግን ፈጥኖ የሚጥለው «ቢ» ይበቃል። ጀርመናዊው ሁጎ ሽቶትስ እ.ኤ.አ. በ1924 ማንሃይም ላይ ያወጣው ትንሽ ብሬከር ሁለት ጠባቂ በአንድ ዕቃ ያጣመረ ነበር፤ ጭነት ሲበዛ ሞቆ የሚጎብጥ ብረትና ሾርት ሲፈጠር ወዲያው የሚስብ ጥቅልል ሽቦ። ዛሬም በየሳጥኑ ያለው የዚያ ዝርያ ነው።

ከሁሉ በላይ ገንዘብ የሚገባው ለኬብሉ ነው፤ የሚያምር ሳጥን ገዝቶ በሽቦ መቆጠብ የተለመደ ስሕተት ነው። 3500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይስባል፤ 2000 ዋት የውኃ ማፍያ 9 ይጨምራል። ከዋናው ሳጥን መኖሪያው ድረስ 30 ሜትር ቢሆንና 30 አምፔር ቢያልፍ፣ ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል መንገድ ላይ የሚያባክነው 5 ቮልት ያህል ነው። በባለ 2.5 ከ12 ቮልት በላይ ይጠፋል፤ ሽቦውም ይግላል። በዚህ ላይ 32 አምፔር ብሬከር ከተደረገበት፣ ብሬከሩ ከመጣሉ በፊት የሽቦው ልባስ ሊቀልጥ ይችላል።

ወርክሾፑ ስሪ ፌዝ ከሆነ መኖሪያውን የብየዳ ማሽኑ ከተቀጠለበት ፌዝ ማራቅ ብልህነት ነው። የኒውትራሉ፣ ማለትም የመመለሻው ሽቦ፣ ነገር ግን ከዚህም ይብሳል። ማሽን በሚንቀጠቀጥበት ቤት ሽቦውን ያሰረው ብሎን ይላላል። የዋናው መስመር ኒውትራል ከተለቀቀ፣ በፌዞቹ ላይ ያለው ጭነት እኩል ስለማይሆን ወደ ሶኬቱ የሚደርሰው ቮልቴጅ ከ220 አልፎ ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ ቴሌቪዥንና ፍሪጅ የሚቃጠለው ያኔ ነው። በሁለተኛው ሳጥን ውስጥ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ በየራሳቸው ማሰሪያ ላይ መታሰራቸውም ግዴታ ነው። ከተገናኙ የሥራው ከረንት ከፊሉ በመሬት ሽቦው ይመለሳል፤ ኒውትራሉ ቢበጠስ ደግሞ የፍሪጁ በር ራሱ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ሰውን የሚጠብቀው አርሲዲ የሚባለው ዕቃ ነው። በፌዙ የሄደውና በኒውትራሉ የተመለሰው ከረንት በ30 ሚሊ አምፔር ከተለያየ፣ ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ መስመሩን ይቆርጣል። «ቲ» የተጻፈባት ቁልፍ ለመሞከሪያ ናት፤ ተጭኖ የሚፈትናት ሰው ግን ጥቂት ነው። ሳጥኑ የሚሰቀለው መኖሪያው ውስጥ፣ እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው። ሰጋቱራ በሚበንበት ግድግዳ ላይ አይሆንም፤ የእንጨት ብናኝ ገብቶ ከተጠራቀመ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ሒሳቡ ግን አይለይም። ቆጣሪው በንግድ ታሪፍ የገባ ከሆነ የምጣዱም ፍጆታ በዚያው ይታሰባል፤ ባለ ካርድ ቆጣሪ ከሆነም ሒሳቡ ሲያልቅ ወርክሾፑም ቤቱም አብረው ይጠፋሉ። ተከራይና አከራይ ክፍያውን መካፈል ከፈለጉ፣ ሳጥኑ ሲገዛ ለትንሽ የግል ቆጣሪ የሚሆን ክፍት ቦታ ያለውን መምረጥ ይሻላል።